ልጃችንን ፈልጋችሁ ላገኛችሁልን የድሬዳዋ ባጃጅ ሾፌሮች፣ ጎረቤቶችና ቤተሰቦች

ከሁሉ አስቀድሞ ልጃችንን በሰላም ለእጃችን ያበቃ ፈጣሪ ይመስገን። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበያችሁን ጥላችሁ፣ የቤንዚን ወጪ ሳትሉ፣ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከመጋላ እስከ ከዚራ ስትፈልጉልን ያመሻችሁ የባጃጅ ሾፌሮች በሙሉ፣ በባለቤቴና በመላው ቤተሰባችን ስም ከልብ እናመሰግናለን። ብዙዎቻችሁን በስም አናውቃችሁም፤ ምስጋናውን በአደባባይ ያደረግነውም ለዚህ ነው።

ለማያውቁን ለመናገር ያህል፣ ልጃችን ሰባት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ልጅ የጠፋበት ሰው ስሙን እየተጣራ ነው የሚፈልገው፤ የእኛ ልጅ ግን ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፣ ጩኸት ሲበዛበትም ጆሮውን ይዞ ይሸሻል። በዚያ ላይ ሰማዩ በደጋው፣ በደንገጎ በኩል ጠቁሮ ነበር። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ከተማው ላይ ጠብ ሳይል በደጋው ዝናብ ብቻ የደቻቱ ወንዝ ሊሞላ እንደሚችል ያውቃል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ሳይታሰብ ከቤት ወጥተው ይሄዳሉ፤ ውኃ የሚስባቸውም አሉ። ያን ቀን በወንዙ ዳር ለዳር የሄዳችሁልን ወጣቶች ምን ፈርተን እንደነበር ሳንነግራችሁ ገብቷችኋል።

የተገኘው ለገሀሬ አካባቢ፣ ባጃጅ የሚጠገንበት ቦታ ነው። አንዲት ባጃጅ የኋላ ጎማዋ በክሪክ ተነሥቶ ነበር፤ እሱ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ ጎማውን ያያል። ያገኘው ሾፌር አልጮኸም፣ እጁንም አልያዘም። ትንሽ ራቅ ብሎ አፈሩ ላይ ቁጭ አለና ጎማውን በእጁ አሽከረከረለት። ሲቆም መልሶ ያሽከረክርለታል፤ ጓደኛው በዚህ መሐል ደወለልን። እኛ እስክንደርስ እንዲህ አቆየው። ወንድሜ፣ ይህን ማን አስተማረህ? ስንጠይቅህ «እናቱ እንደዚህ ስታደርግ አይቼ ነው» አልከን።

ስለዚህ ባለቤቴን በሰው ፊት ማመስገን አለብኝ።

ልጃችን ገና በሁለት ዓመቱ ዓይን ለዓይን አላይ ሲል፣ የያዛቸውን ጥቂት ቃላትም ሲተው፣ በቤተሰባችን ውስጥ የመጀመሪያው ጣት የተቀሰረው እሷ ላይ ነው። ሥራ ስለገባች ነው ተባለ። አላቀፈችውም፣ ቴሌቪዥን ፊት ጥላው ነው ተባለ። በእርግዝናዋ ጊዜ ደንግጣ ነው ያሉም ነበሩ። እናትን መክሰስ የእኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ የተማሩ የሚባሉ ሐኪሞች ሳይቀሩ ኦቲዝምን ፍቅር የነፈገች እናት የምታመጣው ነገር አድርገው አስተምረዋል። በርናርድ ሪምላንድ፣ እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ተቃውሞ መነሻው አካላዊ መሆኑን ተከራከረ። ዛሬ የሚታወቀው ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ መሆኑ፣ በዘር የሚወረሰውም ድርሻ ትልቅ መሆኑ ነው። ዘመዶቼ ሆይ፣ ባለቤቴ ያደረገችው ጥፋት የለም። ይህን በየቤታችሁ ለነገራችሁላት ሁሉ፣ በተለይ ለታላቅ እህቴ፣ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከውጭ አገር እየደወለ ክትባቱ ነው ያመጣበት ያለን ዘመድም ነበር። ያ ወሬ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ አንድ ጽሑፍ ነው፤ ያወጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ግንኙነት አላገኙም። ታናሽ ልጅ ያላችሁ ዘመዶቻችን በዚህ ወሬ ክትባት እንዳታስቀሩ አደራ።

ሌላው፣ ድሬ ላይ በተለይ የሚሰማው፣ «ቋንቋ በዝቶበት ነው ግራ የገባው» የሚለው ነው። እኛ ቤት አማርኛ ይነገራል፤ አማቴ የሚያናግሩት በኦሮምኛ ነው፤ ከግቢው በር ሲወጣ ሶማልኛ ይሰማል። አማቴ ዝም እንዲሉ ተመክረው ነበር፤ አፋቸውን በልጅ ልጃቸው ላይ እንዲዘጉ ማለት ነው። እሳቸው ግን እሺ አላሉም፤ ትክክልም ነበሩ። ብዙ ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም፣ አያባብስምም። ያን ቀን የተጠማው ልጃችን ሾፌሩን ውኃ የጠየቀው በአያቱ ቋንቋ ነው። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ስለ እርግማንም ስለ ዓይነ ጥላም ብዙ ተብሏል። በቤተሰባችን ጸሎት የሚያደርጉለትም ዱዓ የሚያደርጉለትም አሉ፤ ሁሉንም በደስታ ተቀብለናል። ያልተቀበልነው «እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይግባ» የሚለውን ነው። ባለቤቴ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን በቴሌቪዥን አይታ ነበር፤ ለልጃቸው ብለው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱትን እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ልጃቸውን ይዘው በአደባባይ ሲናገሩ ካየች ወዲህ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ልጃችንን እጁን ይዛ ከቤት ታወጣዋለች። ሰው ያያል፣ ይጠይቃል፤ እሷም ቆማ ታስረዳለች። ቅዳሜ ዕለት ከመጋላ ሳምቡሳ የምትሸጠው እህታችን «በዚህ አልፏል» ያለችው፣ ሾፌሮቹም ፎቶ ሳይታያቸው ያወቁት፣ ስለሚያውቁት ነው። ጓዳ ያደገ ልጅ ቢሆን ማን ይለየው ነበር?

ለገሀሬን ፈልጉ ያለችን ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመቷ ሴት ልጃችን ናት። ትልልቆቹ ስንራወጥ እሷ «ጎማ የሚፈታበት ቦታ ሂዱ» አለች። ይህችን ልጅ በቤተሰባችን «ጭንቅላቷ ዝግ ነው» ያሏት አሉ፣ ማንበብ ስለሚከብዳት። «ለ» እና «ሰ» ይደባለቁባታል፤ ረጅም ቃል ላይ መጀመሪያውን አይታ የቀረውን ትገምታለች። ዲስሌክሲያ ነው። ከስንፍና ጋር ግንኙነት የለውም፤ የማሰብ ችሎታንም አይለካም። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የጻፈው ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ብልህ፣ በሒሳብ ጎበዝ፣ ንባብ ግን እምቢ ያለው ልጅ። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም ልጆች በዚህ ይገረፋሉ፤ ያንገበግበኛል።

«ሁለቱም ልጆች አንድ በሽታ ነው፣ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ላላችሁን፣ አንድ አይደለም። ዲስሌክሲያ ፊደልን ከድምፁ ጋር አያይዞ የማንበብ ችግር ነው፤ ኦቲዝም ከሰው ጋር መግባባትን፣ ስሜትን፣ ልማድን የሚነካ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ፤ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፉም። ልጆቻችሁን ከልጆቼ ጋር ከመጫወት አትከልክሏቸው።

የልጄን መምህርት ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ፊደሉን ከድምፁ ጋር እያያያዙ፣ ቀስ ብለው፣ ደጋግመው ከሥሩ አስተማሯት። ሲፈትኗት ጥያቄውን ያነቡላታል፤ መልሱን እሷ ትናገራለች። ክፍሉ ፊት ቆማ ጮክ ብላ እንድታነብ አስገድደዋት አያውቁም። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ መምህርት።

የሰፈራችን ፖሊሶች፣ እስከ ማታ በራቸውን ያልዘጉ ጎረቤቶቻችን፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ያስነገራችሁልን አባቶች፣ ውለታችሁ አለብን።

አሁን ልጃችን ልብሱ ላይ ስልክ ቁጥራችን ተሰፍቷል። ብቻውን ካያችሁት አትሩጡበት፤ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ደውሉ። ሌላም እንደሱ ያለ ልጅ ብታዩ እንዲሁ አድርጉ።

በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳቢያን ቤታችን ቡና ይፈላል። ሾፌሮቹ በስልክ ትነጋገራላችሁና ላልሰማው አሰሙ፤ የምታውቁትን ሁሉ ይዛችሁ ኑ። የቀሩት ዘመዶቻችንም፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ።

የልጆቹ አባት
ድሬዳዋ