ፓኬቱን ገልብጠሽ አንብቢልኝ

እታለሜ፣

እንዴት ከርመሽ ነው? ማሙሽስ? ባለቤትሽስ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ዝምታው ይቅርታ። ምክንያት አልደረድርም። ስንገናኝ እንደ ልብሽ ትቆጪኛለሽ፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ። ዛሬ ግን የምጠይቅሽ ነገር አለ። እሱ ሳይወጣልኝ ስለ ሌላ ማውራት አልችልም።

ያ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያስለቀሰሽ ነገር አሁንም ይመጣብሻል?

የቱን እንደምል ታውቂያለሽ። የፈተናው ዋዜማ። «መሃል ላይ ያሉት ቁጥሮች ጠፉብኝ» ብለሽ ደብተሩን የገፋሽበት ማታ። ደጅ ወጥተን ሻይ ጠጣን፣ ትንሽ ቆይተሽ «ሄደልኝ» አልሽ፣ ተመልሰሽ ገባሽ። ራስሽን አላመመሽም። ስለዚህ ረሳነው። በነጋታው ደግሞ ከእኔ የተሻለ ውጤት አመጣሽ፤ ያንን ግን አልረሳሁልሽም።

እኔም ላይ መጥቷል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ከቢሮ ወጥቼ በብሔራዊ ቴአትር በኩል ወደ ለገሃር ስሄድ ነበር። ከማየው ነገር መሃል ትንሽ ፈንጠር ብሎ አንድ የደበዘዘ ነጥብ ታየኝ። ዓይኔን አሸት አሸት አደረግሁ። አልሄደም። ቀስ እያለ ሰፋ። ጠርዙ ላይ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥለት ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር ወጣ። ይብለጨለጫል፣ ይርገበገባል። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ቦታ ጨለማ አይደለም። ጨለማ ቢሆን ይሻል ነበር። ምንም የለም። ቀና ብዬ የለገሃሩን አንበሳ ሳይ ጭንቅላት የለውም። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚለው ረዳት ድምፁ አለ፣ ግማሽ ፊቱ የለም። ዓይኔን ወዲያ ሳዞር ፊቱ ይመለሳል፣ ሌላ ነገር ይጠፋል።

አንድ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። ልጄን አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። መስመሩ እየሰፋ፣ ወደ ጎን እየሄደ፣ በመጨረሻ ከዓይኔ ጥግ ወጥቶ ጠፋ። አንበሳውም ሰዉም ተመለሰ። ራስ ምታቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። ማዛጋት ብቻ፣ ድካም ብቻ።

ከዚያ ወዲህ ይመላለሳል። ብዙውን ጊዜ ዓይኔ ላይ ብቻ ነው። አንዴ ግን ስብሰባ ላይ ሆኜ ከቀኝ ጣቶቼ ጀመረኝ። ነዘረኝ፤ ወደ ክርኔ ወጣ፣ ቆይቶ ከንፈሬን ያዘኝ። ከዚያ ቃል ጠፋብኝ። «ደረሰኝ» ማለት አቃተኝ፣ እታለሜ! ስንት ዓመት ሙሉ ስበላበት የኖርኩት ቃል! በእጄ ወረቀቱን አሳየሁ። አለቃዬ ውሃ አስመጣልኝ፣ ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ቃሉ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ያን ቀን ማታ ልጄ አጠገብ ጋደም ብዬ እስኪነጋ አልተኛሁም።

እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ አሽታ አሸተተችኝ። ጎረቤታችን ዓይን ነው አሉ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ሄጃለሁ። በእምነት ነው የሄድኩት፣ አሁንም እሄዳለሁ። ሐኪም ቤትም አልቀረሁም። አንዱ መነጽር አዘዘልኝ። ሌላው ጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርጊ አለኝ። «ራስሽን ያምሻል?» ይሉኛል። «አያመኝም።» «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» እዚያ ላይ ወሬው ያልቃል። የሚያቃስት ሰው ይታዘንለታል፣ ሻሽ ይታሰርለታል፣ መብራት ይጠፋለታል። ዓለም ግማሹ የጠፋበት ግን ምንም የማያመው ሰው ምን ይባላል? ባለቤቴ እንኳ፣ ደግ ሰው ነው ታውቂዋለሽ፣ «ካላመመሽማ ተመስገን ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ያ ቃል ብቻዬን ያስቀረኛል።

በመጨረሻ አንዲት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ረጋ ያለች ልጅ ናት። ወረቀት ሰጥታኝ «ያየሽውን ሳዪልኝ» አለች። ሳልኩላት። አንድ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ይጠፋል ወይ? አይጠፋም፣ በሁለቱም አለ። ድንገት ነው የሚመጣው ወይስ ቀስ እያለ? ቀስ እያለ። ጨለማ ነው ወይስ ብልጭታ አለው? አለው። ኤምአርአይም አስነሳችኝ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ማይግሬን ነው አለችኝ። ብልጭታው ኦራ ይባላል። ብዙ ሰው ላይ ራስ ምታቱ ይከተለዋል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ኦራው ብቻውን መጥቶ ብቻውን ይሄዳል።

ከዚያ ስልኳ ላይ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። ሂዩበርት ኤሪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1870 ያሳተመው ነው። የራሱን ኦራ ነው የሣለው። መጀመሪያ ትንሽ ነጥብ፣ ከዚያ ጥርስ ጥርስ ያለው ቅስት፣ እየሰፋ፣ እየሰፋ። አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር አንድ ሰው የእኔን ነገር አይቶ፣ ሥሎ አስቀምጦልኛል። አባቱም፣ ጆርጅ ኤሪ የተባለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ፣ እንዲሁ ያይ ነበር አለችኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ልጅቷ መሐረብ ሰጠችኝና ዝም ብላ ጠበቀችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

አንቺ ቁጥር ስለምትወጂ ይህንንም ልንገርሽ። ነገሩ ያለው ዓይን ላይ አይደለም። የሚያየው የአንጎላችን ክፍል ከኋላ በኩል ነው፤ እዚያ አንድ ሞገድ ይነሳል። ሞገዱ የደረሰበት ቦታ መጀመሪያ ይነቃል፣ ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ጸጥ ይላል። የሚብለጨለጨው መስመር የነቃው ነው፣ ባዶው ጸጥ ያለው። በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ካርል ላሽሊ የሚባል ሳይንቲስት የራሱን ኦራ ስፋት እየተከታተለ ሥሎ፣ ፍጥነቱን አስልቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ጻፈው። ከ3 ዓመት በኋላ ሊያዎ የተባለ ብራዚላዊ ጥንቸሎች አንጎል ላይ እንደዚያው የሚሳብ ሞገድ ማግኘቱን አሳተመ። ለዚህ ነው ከ5 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት የሚፈጀው። ሞገዱ ስሜትን ወደሚሠራው ክፍል ሲደርስ እጅ ይነዝራል፣ የንግግሩ ቦታ ሲደርስ ቃል ይጠፋል። የእኔ «ደረሰኝ» የጠፋው ለዚህ ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ፍርሃቱ ቀለለኝ። አልጠፋም፣ ቀለለ እንጂ። ሲመጣብኝ የትም ብሆን እቆማለሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ሆኜ ከሆነ መንገድ አልሻገርም፤ መኪናው በየት በኩል እንደሚጠፋብኝ አላውቅማ። ልጄ አብራኝ ካለች እጇን አጥብቄ ይዤ ጥግ እንቀመጣለን። አሁን ለምዳዋለች። «እማዬ፣ ጥለቱ መጣ?» ትለኛለች፣ እስኪሄድ ታወራኛለች። እንቅልፍ ማጣትና ባዶ ሆድ እንደሚቀሰቅሰው አይቻለሁ። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ስቆይ ይበረታብኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ በጊዜ ቅመሺ፣ ለታመመ ይፈቀዳል አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። ማታ ማታ ፒያሳ በኩል ሳልፍ ዓይኔን ዝቅ አደርጋለሁ። አሁን መንገዱ ሰፍቶ በመብራት ተጥለቅልቋል፤ ብታዪው አታውቂውም። የእኛ ዶሮ ማነቂያ እንደፈረሰ ሰምተሻል። ስለሱ ሌላ ጊዜ እናውራ፤ አሁን ሆዴ አይችልም።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ያምራል። በፍርሃቱ መሃል፣ ያ የሚርገበገብ መስመር በጣም ያምራል። አንቺም ያን ማታ እንባሽን እየጠረግሽ «ግን ደስ ይላል» ብለሽኝ ነበር። ትዝ ይልሻል? ይህ የሚገባውን ሰው ሳስብ አንቺ ብቻ መጣሽብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንዴት እንደምጀምረው ጨንቆኛል፣ የቤትሽ ጉዳይ ነውና። እህቴ ሐዋሳ አግኝታሽ ስትመለስ ስታወራ፣ ለሁለተኛው ልጅ እንዳልቸኮላችሁና እንክብል እየወሰድሽ እንደሆነ ነገረችኝ። አትቀየሚያት፣ በፍቅር ነው ያወራችው። እኔም እሰይ አልኩ። ሐኪሟ ግን እንደዋዛ «የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሉፕ ነው አልኳት። ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ያለችኝን ስሰማ አንቺ ትዝ አልሽኝ፣ ላብ አሰመጠኝ።

ኦራ ያለባት ሴት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበትን እንክብል መውሰድ የለባትም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በማንኛውም ዕድሜ አይሆንም ይላል። ምክንያቱ ስትሮክ ነው። ኦራ ብቻውን የስትሮክን ዕድል በእጥፍ ያህል ከፍ ያደርጋል። በእኛ ዕድሜ ዕድሉ ከመነሻውም በጣም ትንሽ ስለሆነ እጥፉም ትንሽ ነው፣ አትደንግጪ። ግን ኤስትሮጅን ሲጨመርበት ይብሳል፣ ሲጋራም እንደዚያው። ራስ ምታት ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም። እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነው። እንክብሉን ሲሰጡሽ «ማይግሬን አለብሽ?» ብለው ጠይቀውሽ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ራስሽን አሞሽ ስለማያውቅ «የለብኝም» ትያቸዋለሽ። ማንም በዚያ ቦታ የሚለው እሱን ነው።

ስለዚህ አሁኑኑ ፓኬቱን ገልብጠሽ አንብቢልኝ። «ኤቲኒል ኤስትራዲዮል» የሚል ስም ካለበት ኤስትሮጅን አለው ማለት ነው። ካላወቅሽው ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ እኔ ለሐኪሟ አሳያታለሁ። ከዚያ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂና የኬኔዲውን ነገር ከነዝርዝሩ ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ መጥቶብሽ ከሆነም ንገሪያቸው። ሳታማክሪ ዝም ብለሽ አታቋርጪ፣ ማርገዝ የማትፈልጊ ከሆነ ወዲያው የሚተካ ነገር ያስፈልግሻል። ኤስትሮጅን የሌለበት ሞልቷል፦ ክንድ ላይ የሚቀበረው አለ፣ መርፌው አለ፣ ሉፑ አለ። የትኛው እንደሚስማማሽ እነሱ ይነግሩሻል። እሺ በይኝ። ነገ ዛሬ አትበዪ። «ሥራ በዛብኝ» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ጥርስሽን እያመመሽ ስንት ወር የቆየሽ ሰው ነሽ።

ደግሞ ይህንን ያዢልኝ። ቀስ እያለ ሳይሰፋ ድንገት አንድ ጎን ከደከመሽ፣ አፍሽ ከተጣመመ፣ ወይም በአንድ ዓይንሽ ብቻ መጋረጃ ከወረደብሽ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ሻይ ጠጥቶ መጠበቅ የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

ምናልባት ያን ማታ ብቻ መጥቶ ቀርቶ ይሆናል። ምናልባት እንክብልሽም ኤስትሮጅን የሌለው ነው። እንደዚያ ከሆነ በከንቱ አስጨነቅሁሽ፣ ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ደውለሽ ትስቂብኛለሽ። ድምፅሽንም እሰማለሁ። ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ «ደህና ነኝ» ብለሽ አትለፊኝ። ሲመጣብሽ ምን ታያለሽ? ከየት በኩል ይጀምርሻል? ያንቺም ጥርስ አለው? እኔ እስካሁን ይህን የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም።

ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ደውዪ፣ ልጄ ተኝታ ትሆናለች። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ፎቶውን ግን ዛሬውኑ።

ማሙሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው