ፎቶውስ ሞልቷል፣ የሚጽፍበት ነው የጠፋው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ ልጆች ምግብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ስልክ ሱስ በየጊዜው ይጻፋል፤ ደግ ነው። የልጆቻችንን ትዝታ እንዴት እንደምናስቀምጥ ግን የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም። እስቲ እኔ ልጀምረው ብዬ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሥራዬ የቤት የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት። እሷ አዳር በምትገባበት ማታ ልጆቹን አብልቶ፣ አጥቦ፣ አስተኝቶ የሚያድረው አባትዬው ነው። ትልቋ ዩኬጂ ናት። ትንሹ ገና ድክ ድክ እያለ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። «እኔ ጊዜ የለኝም» ለሚለኝ ወላጅ መልሴ አጭር ነው፤ እኛም የለንም።

በቅርቡ የትልቋ ትምህርት ቤት «የቤተሰብ ፎቶ ይዛችሁ ኑ» አለ። ስልኬ በፎቶ ብዛት «ቦታ የለም» እያለ ይጮሃል። የታጠበ ፎቶ ሲፈለግ ግን ቤት ውስጥ ያለው የሠርጋችንና የክርስትናዋ ብቻ ሆነ። የክርስትናው ፎቶ ላይ ድንኳኑ አለ፣ ድፎ ዳቦው አለ፣ ዘመድ አዝማዱ አለ። ባለጉዳይዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ አፍንጫዋ እንኳን አይታይም!

የብዙ ሰው ቤት እንዲሁ ይመስለኛል። የምናሳጥበው ድግሱን ነው። ልደት፣ ክርስትና፣ ምርቃት። የልደት ፎቶ ደግሞ የማንም ልጅ ቢሆን ያው ነው፤ ኬክ፣ ሻማ፣ ፊኛ፣ ያኮረፈ ልጅ። ልጅ የሚያድገው ግን ማክሰኞና ረቡዕ ነው። የማክሰኞው ፎቶ ስልክ ውስጥ ይቀራል። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል። «ጎግል ላይ አለ» የሚል ካለ ደግሞ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ያስታውስ። ያኔ «አለ» ያልነው ሁሉ በስም ብቻ ነበር።

እኔ የያዝኩት መላ ደብተር ነው። የሚያምር አልበም አይደለም። ንብረት ክፍል የሚጠቀምበት ዓይነት፣ ልባሱ ጠንካራ የሆነ ትልቅ መዝገብ ገዛሁ። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ነገር ሲለጠፍበት መዝገቡ ይወፍርና ጀርባው ይፈነዳል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ከየሦስቱ ቅጠል አንዱን፣ ሥሩ ላይ ሁለት ጣት ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። የተረፈው ቁራጭ ለሚለጠፈው ነገር ቦታ ይለቃል። ፎቶውን ራሱን ኮላ አትቀቡት። የአሮጌ ፖስታ ጥግ በመቀስ ቆርጦ አራቱን ጥግ እዚያ ውስጥ ማስገባት ነው። ሲፈለግ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ላስቲኩን ገልጠው የሚለጥፉበት ባለሙጫ አልበም ቤታችሁ ካለ ከፍታችሁ እዩት። ሙጫው ቢጫ መስመር አውጥቷል፤ ፎቶውም አልላቀቅ ብሏል።

ደብተራችን ውስጥ ፎቶ ትንሽ ነው። ጣና ዳር ዓሣ የገዛን ቀን ትልቋ ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ አንድ ቅርፊት በጉያዋ ደብቃ መጣች። በስኮች ለጠፍነው። ብርሃን ላይ ሲያዩት እንደ ዛፍ ግንድ ክብ ክብ መስመር አለው፤ የዓሣ ዕድሜ የሚነበበውም ከዚህ መስመር ነው። ገጹ ለብዙ ጊዜ ዓሣ ዓሣ ሸተተ፤ እናትየው «አውጡልኝ» ብላ ነበር። አላወጣንም። ቀጥሎ ከታንኳ ላይ የረገፈ የደንገል ቁራጭ አለ። ትንሹ ግማሹን አኝኮታል፤ የጥርሱ ምልክት ሳይቀር አብሮ ተለጥፏል።

ከሁሉ የምሳሳለት ግን ልጆቹ የሚናገሩት ነው። ይሄን ካሜራ አይዘውም። አንድ ማታ ትልቋ አሻንጉሊቷን አልጋ ላይ አስተኝታ «እኔ ዛሬ ዲዩቲ ነኝ፤ ከአባትሽ ጋር እደሪ። ብታለቅሺ አልመጣም» ስትላት ሰማሁ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መግዣ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት፤ ደረሰኙን እንዳለ ለጠፍኩት። እናትየው ጠዋት ከሥራ ስትገባ አነበበችው። ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ ዝም አለች። ያን ቀን ፎቶ ቢነሳ ኖሮ የሚታየው አሻንጉሊትና አልጋ ነበር።

ስለ ቀን አጻጻፍም አንድ ነገር ልበል። ስልክ ፎቶውን የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን ትልቋን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የተነሳነውን ፎቶ ስልኬ 2024 ይለዋል። የ8 ዓመት ልዩነት ነው። ጥቅምት ላይ ብንነሳ ኖሮ ልዩነቱ 7 ይሆን ነበር፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ የፈረንጆቹ ዓመት ሲቀየር ነው 8 የሚሆነው። ዛሬ ይሄ ማንንም አያሳስትም። ከ30 ዓመት በኋላ ግን «ያኔ ስንት ዓመቴ ነበር?» ብላ ስትቆጥር ልጅቷ ገና ሳትወለድ ልትራመድ ትችላለች። እኔ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ከፎቶው ጀርባ ከሆነ ደግሞ በለስላሳ እርሳስ ነው። ስክሪብቶ ወደ ፊት በኩል ጎልቶ ይታያል፤ ቀለሙም አጠገቡ ያለውን ፎቶ ያበላሻል።

አሁን ቅሬታ። ትንሹ ሆድ ውስጥ ሳለ የተነሳውን የአልትራሳውንድ ወረቀት እንዳይበላሽ ብለን አንድ ፎቶ ቤት ወሰድነው። የፎቶ ቤቱ ልጅ «ላሚኔት ይደረግ» አለን። አደረገው። ከማሽኑ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ያ ወረቀት ደረሰኝ እንደሚታተምበት ያለ፣ በሙቀት የሚሠራ ወረቀት ነው። የፎቶ ቤት ባለሙያ ይሄን ማወቅ ነበረበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ ወላጆች፣ ላሚኔት አታስነኩት። ጸሐይና ሙቀት ብቻውን ቀስ በቀስ ስለሚያጠፋው ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አስነሱት ወይም ስካን አስደርጉት።

የባሕር ዳር ክረምት ደግሞ ለወረቀት ጠላት ነው። ሰው ፎቶውን በፌስታል አፍኖ ቁም ሣጥን ሥር ይወረውራል። ፌስታል ውስጥ የታፈነ እርጥበት ፎቶን ከፎቶ ያጣብቃል፤ ሻጋታም ያወጣል። የጣና ገዳማት መነኮሳት ብራናውን በቆዳ ማኅደር ከተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። መሬት አይነካም፣ አይታፈንም። እኛ ቤት መዝገቡ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የውጭውን ግድግዳ አይነካም። ትንሹም አይደርስበትም፤ ዋናው እሱ ነው።

ጎረቤቶቼ ይሄን ሥራ «የሴት ወግ» እያሉ ይቀልዱብኛል። አንዱማ «አባ መቀስ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል። አያቴ ግን ዳዊት ደጋሚ ገበሬ ነበር። በዳዊቱ መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ የልጆቹን ልደት በእጁ ጽፏል። «በ12 በሚካኤል ዕለት» ይላል የአባቴ። ከአክስቴ ስም አጠገብ «አንበጣ የመጣ ጊዜ» የሚል አለ። ሌላ ጌጥ የለውም። አያቴን በፎቶ አላውቀውም፤ የእጅ ጽሑፉን ግን አውቀዋለሁ።

«ሲመቸኝ አምሮ ይሠራል» የሚሉ ወላጆችም አሉ። አይመችም። እኔ የምሠራው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥ እስኪሞቅ ነው። ያልተለጠፈው በአንድ ፖስታ ይጠራቀምና ወር ሲጠባ ይለጠፋል። የጠመመ ይለጠፋል፣ ሽሮ የነካውም ይለጠፋል።

ሁለት ነገር ለምኜ ላብቃ። የከተማችን ፎቶ ቤቶች፣ ፎቶ ስታጥቡ ደንበኛውን ስምና ቀን ጠይቃችሁ ጠርዙ ላይ ብታትሙለት ምን ይጎድልባችኋል? እናቴ ዘንድ ያለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም እስከ ዛሬ ይነበባል። ከእናቴ ጎን የተቀመጠችው ሴት ማን እንደሆነች ግን እናቴ ራሷ ረስታዋለች። እናንተ አዘጋጆች ደግሞ በየሳምንቱ አንዲት ጠባብ ዓምድ ስጡንና ወላጆች ልጆቻቸው የተናገሩትን ይላኩ። ስም አያስፈልግም፤ ዕድሜና ከተማ ይበቃል። የእኔዎቹ የሚሉት ብዙ ስለሆነ እኔ በየሳምንቱ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች አባት፣ ከባሕር ዳር