«አረንጓዴ ነህ» ተባልኩና ተዘናጋሁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ልብ ሕመምና ስትሮክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ዘላችኋል፤ የስጋት ሰንጠረዡ ቁጥር የሚያየው 10 ዓመት ብቻ መሆኑን። እኔን ያዘናጋኝ ደግሞ እሱው ነው።

43 ዓመቴ ነው፣ ሲጋራ አላጨስም። አምና ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ሄጄ ግፊቴ ሲለካ 148 በ94 ሆነ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ባለቀለም የዓለም ጤና ድርጅት የልብ ሕመምና የስትሮክ ስጋት ሰንጠረዥ ላይ ዕድሜዬን፣ ግፊቴንና ውፍረቴን ፈልጎ ጣቱን አንድ አረንጓዴ ሳጥን ላይ አሳረፈ። «ከ5 በመቶ በታች ነህ፣ አይዞህ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ማታውኑ ክትፎ በላሁ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያ ሰንጠረዥ የሚናገረው ስለሚቀጥሉት 10 ዓመታት ብቻ ነው። እንደኔ ያሉ 100 ሰዎች ቢሰለፉ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ስንቶቹን ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያገኛቸዋል ነው ጥያቄው። በ40ዎቹ ላለ ሰው ዕድሜው ብቻውን ቁጥሩን ዝቅ ያደርግለታል። ያው ሰው በዚያው ግፊት 65 ሲሞላው ሳጥኑ ቀለሙን ይቀይራል፤ ደም ስሩ ግን የሚጎዳው ያን ዕለት አይደለም፣ «አረንጓዴ ነኝ» ብሎ በተኛባቸው ዓመታት ሁሉ ነው እንጂ።

ሰንጠረዡ ስለ ቤተሰብም አይጠይቅም። አባቴ በ57 ዓመቱ በልብ ሕመም ድንገት ነው ያረፈው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። እንግሊዞች የሚጠቀሙበት ስሌት፣ ኪውሪስክ3 የሚሉት፣ ከ60 ዓመት በፊት የልብ ሕመም የያዘው የቅርብ ዘመድ እንዳለ ይጠይቃል። አሜሪካኖች በፈረንጆች 2023 ያወጡት ፕሪቨንት ደግሞ ከ30 እስከ 59 ዓመት ላለ ሰው የ30 ዓመቱን ስጋት ጭምር ያሰላል። የተሠራው በእነሱ አገር ሰው መረጃ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ለኛ መውሰድ አይቻልም፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

ሰንጠረዡን ማጣጣሌ አይደለም። ለየአካባቢው ተስተካክሎ የተሠራ ነው፣ ምሥራቅ አፍሪካም የራሱ አለው። የኮሌስትሮል ምርመራ በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ በሚዛን፣ በሜትርና በግፊት መለኪያ ብቻ ይሠራል፤ ስኳር ላለበት ሰው ግን የደም ምርመራ ውጤት የሚጨመርበት ሌላኛው ሰንጠረዥ ነው የሚያስፈልገው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ይኸው የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2021 ባወጣው መመሪያ፣ ግፊት በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ከተረጋገጠ መድኃኒት ይጀመር ይላል፣ ሳጥኑ አረንጓዴም ቢሆን። እኔን ግን ተመልሰህ ተለካ ያለኝ እንኳ የለም። ስምንት ወር ቆይቼ በራሴ ጊዜ ሌላ ቦታ ሦስት ጊዜ ተለካሁና፣ ያው ሆኖ ሲገኝ መድኃኒት ተጀመረልኝ።

እና በሚቀጥለው ስትጽፉ ይህቺን ነገር ጨምሩልን፤ የ10 ዓመቱ ቁጥር ስለ 11ኛው ዓመት ምንም አይናገርም። ከቻላችሁ ሰንጠረዡንም በቀለሙ አትሙልን፣ የሰፈር ሰው ቆርጦ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ