ግርዶሹን የት ሆነን እንየው ላልሽኝ

የኔ እናት እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ስትደውዪ ጭነት ላይ ስለነበርኩ በወጉ አልመለስኩልሽም፣ አሁን ሚሌ ቆሜያለሁ፣ ሙቀቱ ትንሽ በረድ እስኪል አልነሳም፣ ስለዚህ አሰብ አድርጌ ልጻፍልሽ። ከጓደኞችሽ ጋ ለፀሐይ ግርዶሹ ጣርማ በር ወይ እንጦጦ እንውጣ ተባብላችኋል አይደል፣ ከፍታ ስለሆነ ጥሩ ይታያል ተብሎ። እኔ አልስማማም ልጄ። ግርዶሹ ራሱ ዕድሜ ልክሽን የምታስታውሺው ነገር እንዲሆን ስለምፈልግ ነው ቁጭ ብዬ የማስረዳሽ።

ቀኑ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሰኞ ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2027። የጨረቃ ጥላ ከአትላንቲክ ተነስቶ በደቡብ ስፔንና በሞሮኮ አድርጎ አልጄሪያን ቱኒዚያን ሊቢያን ግብፅን ያቋርጥና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳና መካ ላይ ያልፋል፣ ከዛ በየመን ወርዶ የሶማሊያን ጫፍ ነክቶ ህንድ ውቅያኖስ ይገባል። ግብፅ ሉክሶር አካባቢ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ተሸፍና ከ6 ደቂቃ በላይ ትቆያለች፣ ይሄ ለግርዶሽ በጣም ረጅም ነው፣ ጨረቃ ለምድር በቀረበችበት ጊዜ ስለሚሆን ነው፣ ፀሐይ ደሞ በነዛ ወራት ከኛ ራቅ ትላለች፣ ስለዚህ ጨረቃዋ ገዘፍ ብላ ትሸፍናታለች። ጅዳ የምትሠራው የአክስትሽ ልጅ ደጇ ላይ ቆማ ቀኑ ሲጨልም ልታይ ነው። እኛ ግን ከመስመሩ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሆንን የምናየው ከፊሉን ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ከግማሽ በላይ ይሸፈናል፣ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በሄድሽ ቁጥር እየጨመረ ይመጣል።

ጓደኛሽ መቀሌ ብንሄድ ፐርሰንቱ ይበልጣል ያለው ልክ ነው፣ ይበልጣል። ግን ለከፊል ግርዶሽ ስትይ ፐርሰንት አታሳድጂ። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ካልተሸፈነች በቀር አይጨልምም፣ የቀረችው ቅንጣት ብቻዋን ቀኑን ቀን ታደርገዋለች፣ ሰባ ሆነ ሰማንያ በዓይንሽ የምታዪው ያው የተገመጠች ፀሐይ ነች። ልዩነት የሚያመጣው ደመናው ነው። ሰማንያ ፐርሰንት በደመና ውስጥ ዜሮ ነው በቃ፣ ሐምሌ 26 ደሞ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የክረምቱ መሀል ነው።

ሰዓቱንም እይው። ግርዶሹ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይጀምራል፣ ሰባት ተኩል ካለፈ በኋላ ትልቁ ላይ ይደርሳል፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ያልቃል። አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ብትል እንኳ ሰባት ሰዓት ስትል ሰማዩ ይዘጋል፣ ስምንት ሰዓት ዝናቡ ይወርዳል። ጣርማ በርንማ እኔ ነኝ የማውቀው፣ በክረምት እዛ ዋሻው አፍ ላይ ሆኖ ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና መብራት ማየት የማይቻልበት ቀን አለ፣ ከፍታ ማለት በሐምሌ ደመናው ውስጥ ገብቶ መቆም ማለት ነው። ደብረ ብርሃንም ያው ነው፣ አንቺው ታውቂዋለሽ። ከፍታ የሚጠቅመው ፀሐይ አድማስ ጋ ስትሆን ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2006 የነበረው ግርዶሽ ማታ ላይ ነበር፣ ፀሐይ እንደተሸፈነች ነው የጠለቀችው፣ ያኔ ምዕራቡን የሚያሳይ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ሰው ተጠቀመ። የአሁኑ ግን ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነች ማለት ይቻላል፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዘንበል ብላ። ተራራም ፎቅም አይከልላትም፣ የትም ሜዳ ላይ በጀርባሽ ተንጋለሽ የምታዪያት ነች፣ እንደውም ምንጣፍ ካልያዛችሁ አንገታችሁ ነው የሚያልቀው።

እንግዲህ የት ያልሽኝን ልንገርሽ፣ ይሄን መንገድ በክረምት ስመላለስበት ሰማዩን እያየሁ ነው የምነዳው። ከአዲስ አበባ ተነስተሽ ሞጆ አዳማ ድረስ ደመናው ድፍን ነው፣ መተሐራ ላይ መሳሳት ይጀምራል፣ አዋሽ ሰባትን ስታልፊ ሰማዩ ይሰፋል። ከዛ ሁለት ምርጫ አለ፣ በግራ በኩል ገዋኔ ሚሌ ሎጊያ ሰመራ፣ በቀኝ በኩል በአሰበ ተፈሪ ድሬዳዋ። አፋር ውስጥም በነዚህ ወራት ይዘንባል፣ እነሱ ካርማ ይሉታል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማታ ማታ ነው፣ አቧራውን አስቀድሞ ይመጣና አፍታም ሳይቆይ ይሄዳል፣ ቀትር ላይ ሰማዩ ክፍት የሚሆንበት ቀን ይበዛል። ፀሐዩን ለማየት ብቻ ከሆነ ሎጊያን የሚያህል የለም። ችግሩ ሙቀቱ ነው፣ እኔና ረዳቴ ለምደነዋል፣ እናንተ ከደጋ ወርዳችሁ በቀትር ሜዳ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጣችሁ አትችሉትም፣ አንዷ ብትታመምባችሁ ደሞ ቀኑ በሙሉ ይበላሻል።

በሰኔ 14 ቀን 2012 ያን የቀለበቱን ግርዶሽ እዚሁ አካባቢ ነበር ያየሁት፣ ኮቪድ ጊዜ፣ እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሹፌሮች ተሰልፈን ቆመን። ላሊበላ ላይ ሙሉ ቀለበት ሆኖ ታየ፣ እኛ ጋ ቀጭን ማጭድ ሆኖ ቀረ። ብርሃኑ እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ ብል አልችልም፣ ደመና ሳይኖር ፀሐዩ ሳሳ፣ ጥላችን ጠርዙ ሹል ሆነ፣ ሙቀቱ ቀነሰ፣ ፍየሎቹ ግን ግጦሻቸው ላይ ነበሩ ምንም አልመሰላቸውም። አንዱ ብየዳ ሠራተኛ መስታወቱን ይዞ መጣ፣ ሁሉም ተሻምቶ አየበት። እኔ ደስ ያለኝ ግን ግራሩ ሥር ያየሁት ነው፣ በቅጠሎቹ መሀል ሾልኮ መሬት ላይ የሚወድቀው ብርሃን እያንዳንዱ ትንሽ ማጭድ ሆኖ አሸዋውን ሞልቶት ነበር። ይሄንን አንቺ እንድታዪው ነው የምፈልገው፣ ስለዚህ የምትመርጡት ቦታ ዛፍ ይኑረው።

ለዛ ነው ድሬዳዋ ይሁን የምለው። ከአዲስ አበባ የበለጠ ይሸፈናል፣ ሆቴሉም ቤተዘመዱም አለ፣ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ ደመናው ደሞ ከሐረርጌ ተራሮች፣ በደንገጎ በኩል፣ ቀኑ ሲገፋ ነው የሚወርደው። በዛ ላይ እናትሽ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት፣ የሐምሌ 19ኙ በዓል ልክ በሳምንቱ ከግርዶሹ በፊት ያለው ሰኞ ላይ ነው የሚውለው፣ እሷን ቁልቢ አድርሻት ሳምንቱን አክስትሽ ቤት ድሬዳዋ ትቆያለች፣ አንቺና ጓደኞችሽ ቅዳሜ ትደርሳላችሁ። በባቡር ከለቡ መምጣት ትችላላችሁ፣ ግን የባቡሩን ቀን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ እሁድ ማታ ደርሶ ሰኞ መሯሯጥ አልወድም፣ አንድ ቀን ተርፏችሁ ሰማዩን ብታጠኑት ይሻላል።

ድሬዳዋ ውስጥ ግን ከተማው ላይ አትቁሙ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ወደ ተራራው እዩ፣ ስልካችሁ ላይ የሳተላይት የደመና ምስል ክፈቱ፣ ደመናው ከተራራው ጋ ከተጠጋ በደወሌ መንገድ ወደ ሽንሌ ውጡ፣ ቅርብ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ሜዳ ነው፣ ከተራራው በራቃችሁ ቁጥር ሰማዩ ይከፈታል። ቦታ መምረጥ ማለት አንድ ቦታ ላይ ተቸክሎ መጸለይ ሳይሆን መንቀሳቀስ የሚቻልበት ቦታ መገኘት ነው፣ ጣርማ በር ላይ ደመና ቢውጣችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ፣ ወይ ገደል ነው ወይ ሌላ ደመና። አንድ ነገር ግን በጥብቅ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አትቀመጡ፣ ደረቅ ሆኖ ሰፊ ሆኖ ያማልላል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ያ ደረቅ አሸዋ ጎርፍ ሆኖ ስንት ሰው እንደወሰደ የድሬ ሰው አይረሳውም፣ ዝናቡ የሚዘንበው ተራራው ላይ ነው፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ይደርሳል።

ስለ ዓይናችሁ ደሞ። ጅዳና ሉክሶር ያሉት ሰዎች ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችበት ደቂቃ መነጽራቸውን አውልቀው ያያሉ፣ የዛን ቀን ቪዲዮው ይሞላል፣ አውልቁ አውልቁ እያሉ ይጮሃሉ። እሱ ለነሱ ነው። እኛ ጋ አንዲት ሰከንድ እንኳ ማውለቅ የሚቻልበት ጊዜ የለም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመነጽር ነው። ሬቲና፣ ማለትም የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ሲቃጠል አያምም ልጄ፣ ሰው የሚያውቀው በኋላ ማየት ሲያቅተው ነው። የራጅ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ ጠርሙስ፣ ሲዲ፣ ሁለት ተደራራቢ የፀሐይ መነጽር፣ በባልዲ ውሃ ማየት፣ እነዚህን ሁሉ ተዉአቸው። መነጽሩ ላይ አይኤስኦ 12312-2 የሚል፣ ፀሐይ ለማያ የወጣው ደረጃ፣ ይኑርበት፣ ጽሑፉን ብቻ አትመኚ፣ ስታደርጊው ከፀሐይ በቀር ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ መታየት የለበትም። የብየዳ መስታወት ከሆነ ቁጥሩ 14 መሆን አለበት፣ ጋራዥ ውስጥ የሚገኘው ብዙው ከዛ በታች ነው፣ እኔ ጠይቄ ካላየሁት አትጠቀሙበት። መነጽሩን አድርጋችሁም ቢሆን በአጉሊ መነጽር ወይ በካሜራ ሌንስ ማየት የለም፣ ያቃጥለዋል። የጎረቤት ሕፃናት ከመጡ የጫማ ካርቶን አንድ በኩል በመርፌ ብሱላቸው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ምስሏን ካርቶኑ ውስጥ ይዩ፣ ማንም አይጎዳም።

መነጽሩን አሁኑኑ ነው መፈለግ ያለብን፣ ወሩ ሲቀርብ ገበያው ላይ የማይረባው ይበዛል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጪ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ ለአክስትሽ ልጆችም ጨምሪ። ከጓደኞችሽ ጋ ተነጋገሪና ስንት እንደምትሆኑ ንገሪኝ፣ ከአራት በላይ ከሆናችሁ ለሽንሌው ሚኒባስ የሚይዝልን የማውቀው ሰው ድሬ ውስጥ አለ፣ ቀኑን ከወዲሁ ላስይዘው። የመንገዱን ሰላም እኔ በየሳምንቱ ስለማልፍበት እየነገርኩሽ እቆያለሁ፣ ያኔ ጥሩ ካልሆነ በባቡር ብቻ ትመጣላችሁ። እኔም የዛን ሳምንት ጭነት አልይዝም ብዬ ለባለመኪናው ነግሬዋለሁ።

አባትሽ