ጥቁር ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፋብሪካዎች በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ፣ በውጭ ምንዛሪ እጦት ምርት ቀነሰ የሚል ዜና በጋዜጣችሁ ላይ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ልጽፍ እነሣና እተወዋለሁ። ትናንት ግን አንድ ወጣት የግዥ ሠራተኛ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሱቄ ሲወጣ አየሁና መተዉ አልሆነልኝም። የጠርሙሱን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1978 ዓ.ም. በአንድ የስኳር ፋብሪካ የጥገና ክፍል በረዳትነት ተቀጥሬ፣ በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበትኩ። አሁን ሳሪስ አካባቢ ከአንድ ቶርኖ ቤት ጎን ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ፓምፕ እጠግናለሁ። ከሁሉም ይበልጥ የማውቀው ስክሩ ፓምፕን ነው፤ ወፍራም፣ የሚያጣብቅ፣ አንዳንዴም ብረት የሚበላ ፈሳሽ የሚያመላልሰውን። አንባቢ ምናልባት አይቶት አያውቅም ይሆናል። ሳሙናው፣ ቀለሙ፣ የቲማቲም ድልሁ፣ የቆዳ ፋብሪካው ዝቃጭ ግን ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው የሚሄደው በብዙ ቦታ በእሱ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ተራው የውሃ ፓምፕ ውሃውን በክንፎቹ እያሽከረከረ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ማር ወይም ሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ምርት የሚተርፈውን ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ፣ ብትሰጡት ግን ገንፎ ውስጥ እንደገባ ማማሰያ ይሆናል፤ ማማሰያው ይዞራል፣ ገንፎው ከድስቱ አይወጣም። ስክሩ ፓምፕ አይወረውርም፣ ይሸከማል። እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አንድ የብረት ዘንግ አለው፤ ሮተር ይባላል። ሮተሩ የሚዞረው በብረት ቱቦ ውስጥ በተለበጠ ጎማ መካከል ነው፤ ይህን ስታተር እንለዋለን። የጎማው ቀዳዳም ጠመዝማዛ ነው፤ ጥምዝምዙ ግን ከሮተሩ በእጥፍ ይረዝማል። ስለዚህ ብረቱና ጎማው እየተነካኩ በመካከላቸው የተዘጉ ኪሶች ይፈጠራሉ። ሮተሩ ሲዞር አንዱ ኪስ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፣ ፈሳሹም እንሥራ ተሸክመው በተርታ እንደሚሄዱ ሴቶች በየኪሱ ሆኖ ወደፊት ይጓዛል። ብዙ ሰው የሥጋ መፍጫ ይመስለዋል። የሥጋ መፍጫ ግን ይጨምቃል፤ ይህ አይጨምቅም። ድንቹን ከነቁራጩ ሳይፈጭ የሚያሳልፈው ለዚህ ነው።

የፈጠረው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሬኔ ሟኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ። የሚገርመው ሰውዬው የሚያስበው ስለ አውሮፕላን አየር መጭመቂያ እንጂ ስለ ዝቃጭ አልነበረም። ፓምፑን እኛ መካኒኮቹ «ሞይኖ» የምንለው አሜሪካኖቹ ስሙን በራሳቸው አንደበት አጣመው የንግድ ምልክት ስላደረጉት ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የውጭ ምንዛሪ ችግር የለም አልልም፤ አለ። እኔ ዘንድ የሚመጣው የተበላሸ ፓምፕ ግን ብዙ ጊዜ መለዋወጫ አጥቶ አይደለም፣ መለዋወጫው ተገዝቶለት ነው የሚበላሸው። ምንዛሪው በስንት መከራ ይገኝና የተሳሳተ ዕቃ እንገዛበታለን። ስህተቱ የሚጀምረው ደግሞ ከጨረታ ወረቀቱ ነው። «ፓምፕ፣ በሰዓት 15 ሜትር ኩብ፣ ግፊት 6 ባር፣ ብዛት 2» ይላል። የሚያመላልሰው ምንድን ነው? አልተጻፈም። ምን ያህል ወፍራም ነው? በስንት ዲግሪ ሙቀት? አሸዋ አለበት? አሲድ ነው ወይስ ኮስቲክ ሶዳ? ምንም የለም። አቅራቢው በዚያ ወረቀት ተወዳድሮ ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ካሸነፈ በኋላ ማን ይወቅሰዋል?

ያ ወጣት መጀመሪያ የመጣው ባለፈው ወር ነበር፤ የአንድ ሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ፒክአፕ ላይ አንድ ስታተር ጭኖ፣ «ጋሼ፣ በሰባት ወር ውስጥ አራተኛችን ነው፤ ሞተሩንም ሁለት ጊዜ አስጠቅልለናል» አለኝ። ስታተሩን አውርደን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደምነው። ጎማው እንደ ቦካ ሊጥ ከቱቦው ጠርዝ ወጥቷል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ገብቶ ቀረ፣ ቶሎ አልተመለሰም፤ ጣቴ ላይ የዘይት ወዝ ተረፈ። ቀዳዳውን በካሊፐር ለካሁት። ሮተሩ በምንም ተአምር ሊዞርበት አይችልም ነበር። ሞተሩ ያበጠ ጎማ አንቆት እየታገለ ነው የተቃጠለው። ሞተሩን ከሮተሩ ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራውም፣ የተሰበረው በዚሁ ነው።

«ምን ነበር የምታመላልሱበት?»

«የፓልም ዘይት፤ እንዳይረጋ ሞቅ አድርገን።»

«ሳሙና የምትሠሩበትን ኮስቲክ ሶዳስ?»

«በሌላኛው ፓምፕ። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስታተራቸው ይወራረሳል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ፓምፖች በመጠን መንትያ ናቸው፤ ጎማቸው ግን አንድ መሆን አልነበረበትም። ዘይት የሚወደው ኒትራይል የሚባለውን ጎማ ነው። ኮስቲክ ሶዳን ደግሞ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የተባለው ጎማ ይበልጥ ይችለዋል፤ ይኸው ጎማ ዘይት ሲያገኝ ይጠጣውና ያብጣል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ቱቦአቸው አንድ ቀለም ይቀባል፣ መጋዘን ውስጥ አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። የግዥ ጥያቄውን አሳይቶኛል፤ «ስታተር፣ ጎማ፣ ብዛት 6» ነው የሚለው። አቅራቢው ስድስቱንም ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. አመጣ። አልዋሸም፤ ጎማ ተባለ፣ ጎማ አመጣ። በኮስቲኩ በኩል የገባው እስከ ዛሬ ይሠራል። በዘይቱ በኩል የገባው በየሁለት ወሩ አበጠ። ፋብሪካው ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ነው የጠረጠረው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በ1984 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ስኳር ፋብሪካው ሳለሁ፣ በሌሊት ፈረቃ ከእንቅልፌ ተቀሰቀስኩ። ሞላሰስ ሊጭን የመጣ ቦቴ ቆሟል፣ ፓምፑ ይጮኻል፣ ከቱቦው ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሞላሰስ ሲሞቅ እንደ ዘይት ይፈሳል፣ ሲበርድ እንደ ቅጥራን ይቆማል። ከጋኑ መውጫ ላይ ረግቶ ዘግቶታል። አዲስ የተቀጠረው ልጅ ይህን አላወቀም፤ ትንሽ ቢቆይ ይመጣል ብሎ ፓምፑን አስነሥቶ ይጠብቃል። ስደርስ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከደጅ ተቀበለኝ። የዚህን ፓምፕ ጎማ የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው ራሱ የሚያልፍበት ፈሳሽ ነው፤ ባዶውን ከዞረ በደቂቃዎች ውስጥ ያበቃለታል። ፈትተን ስናየው ጎማው እንደ ከሰል ፍርፋሪ በእጄ ላይ ተበተነ። ሮተሩ ግን ምንም ሳይሆን ያብረቀርቅ ነበር፤ ያ ማብረቅረቁ አበሳጨኝ። ግምጃ ቤት ሌላ ስታተር አልነበረም። ቦቴው ባዶውን ተመለሰ፣ ልጁም ከደመወዙ ተቀጣ።

ባዶውን እንዳይነሣ የሚለው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ፣ መጽሐፉም በዋናው መሐንዲስ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ለልጁ ግን አልነገርኩትም። በማግስቱ ቀይ ቀለም ተበድሬ በፓምፑ እግር ላይ በትልቁ «ባዶዬን አታስነሡኝ» ብዬ ጻፍኩ። ፎርማኑ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ግን እኔ እስከወጣሁ ድረስ በዚያ ፓምፕ ላይ ስታተር ተቃጥሎ አያውቅም። ዛሬ በጎማው ውስጥ ተሰክታ ሙቀቱ ሲያልፍ ሞተሩን የምታጠፋ ትንሽ መለኪያ አለች። ከፓምፑ ዋጋ አንጻር ኢምንት ናት፤ በጨረታ ወረቀት ላይ ግን ተጽፋ ያየኋት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

የረጋውን ሞላሰስ በእንፋሎት ማሞቅ መፍትሔ ነው የሚል ይኖራል። ነው፤ በልክ ከሆነ። በጋን የተከማቸ ሞላሰስ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ሲያልፍ በውስጡ ራሱን የሚያሞቅ ለውጥ ሊጀምር ይችላል፤ ከዚያ ማቆሙ ቀላል አይደለም። የሚሻለው መውጫው አካባቢ ብቻ ሞቅ አድርጎ፣ ቱቦውን አስፍቶ፣ ፓምፑን ቀስ ብሎ እንዲዞር ማድረግ ነው።

ስለ ቱቦ ካነሣሁ፣ ከውጭ በመጣ የሽያጭ ወረቀት ላይ የማይጻፍ የአገራችን ጉዳይ አለ። ፓምፕ «ይስባል» እንላለን እንጂ የሚስበው ነገር የለም። ፓምፑ ፊቱን ባዶ ያደርጋል፣ ፈሳሹን ወደ ባዶው የሚገፋው ከላይ የተጫነው አየር ነው። በባሕር ዳርቻ አየር ውሃን በቱቦ ውስጥ እስከ 10 ሜትር ገደማ ይገፋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ጉልበት ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፣ ስምንት ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህም ለውሃ ነው። ሙጫ ወይም ቀለም ሲሆን በቱቦው ግድግዳ ላይ እየተጎተተ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ይበላል። አንድ ሙጫ አምራች «ራሱ ይስባል» የሚለውን አምኖ ፓምፑን ከጋኑ በላይ በሰገነት ላይ ተከለው፤ ቱቦው ሁለት ኢንች፣ ያውም ሁለት ቦታ የታጠፈ። ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይንኳኳ ነበር። ከጋኑ በታች አወረድነው፣ ቱቦውን አራት ኢንች አደረግነው፣ ፑሌጃ ቀይረን ፍጥነቱን ወደ ግማሽ አመጣነው። አንድም መለዋወጫ ከውጭ አልመጣም፤ ፓምፑ ዝም አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሻጮች። ስክሩ ፓምፕ ለሁሉም ፈሳሽ አይሆንም። ብረት የሚያጥብበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለው ሰው መጥቶ ሮተሩን አሳይቶኛል፤ ሮተሩ የተለበጠበት ክሮም እንደ ተቀቀለ እንቁላል ቅርፊት ተልጦ ወድቋል። ክሮም ያንን አሲድ አይችልም፣ ተራ ስቴንለስም አይችለውም። ለነገሩ አሲዱ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ ስክሩ ፓምፕ ምን ያደርግለታል? ውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠ ተራ ፓምፕ ይበቃው ነበር፣ በርካሽ። ይህን ለሰውዬው መንገር ያለበት እኔ አልነበርኩም።

የምለምነው ብዙ አይደለም። በጨረታ ወረቀቱ አናት ላይ፣ ከመጠንና ከግፊት በፊት፣ ፈሳሹ ይጻፍ፤ ስሙ፣ ሙቀቱ፣ ውፍረቱ፣ በውስጡ ያለው አሸዋና ጨው፣ ፓምፑ የሚታጠብበት ኬሚካል ሳይቀር። ስታተር ሲገዛ የጎማው ዓይነት ይጻፍ፤ መጋዘን ሲገባም ቱቦው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ፈሳሹ ምን ጎማ እንደሚወድ የማያውቅ ፋብሪካ ደግሞ ላቦራቶሪ ባይኖረው እንኳ ጠርሙስ አያጣም።

ለሳሙና ፋብሪካው ልጅ ያደረግኩት እሱን ነው። አሮጌ ስታተሮች ካሉኝ ውስጥ ከኒትራይሉም ከኢ.ፒ.ዲ.ኤም.ሙም ጣት የሚያክል ቆርጬ፣ በሁለት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት አስገባኋቸው። እሱ ያመጣውን የፓልም ዘይት አፈሰስኩባቸው። ዘይቱ እንዳይረጋ ቡና ከማፈላበት ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ትናንት መጣ። «ልጄ፣ ጎማዎቹን አውጣቸው» አልኩት። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ገለበጠው፣ ኒትራይሉ እንደገባ ወጣ። ሁለተኛውን ገለበጠው። ጎማው አንገቱ ላይ መጥቶ ቆመ። ነቀነቀው፣ በመዳፉ መታው፣ በመጨረሻ በሽቦ ሊጎትተው ሞከረ፤ እምቢ አለ። ዘይቱን አፍስሶ፣ ጠርሙሱን ከነጎማው ጠቅልሎ፣ «ለግዥ ኮሚቴው ላሳያቸው» ብሎኝ ሄደ። የጠቀለለበት ጋዜጣ የእናንተው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የፋብሪካ መካኒክ
ሳሪስ፣ አዲስ አበባ