ከመሸ እንዳትጓዢ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ?

እህትሽ ትናንት ማታ ነገረችኝ። የአልጋ ላለማውጣት ብለሽ ማታ በሚነሳ ሃይሩፍ በአንድ ትንፋሽ ላሊበላ ልትገቢ ነው አሉ። አይሆንም። ሪፖርት የምታደርጊው ሰኞ ነው፤ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ብትነሺ ቅዳሜ ትደርሻለሽ። ከመሸ እንዳትጓዢ።

እንደኔማ ቢሆን አውሮፕላኑን ነው የምመርጥልሽ፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ብቻ ማረፊያው ከተማው አጠገብ እንዳይመስልሽ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ታች ሹምሸሃ ነው፤ ከተማው 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ዳገት ትወጫለሽ። የሚቀበልሽን ሰው ሳትሳፈሪ ተነጋገሪ። ተሳፋሪው ከተበተነ በኋላ ብቻሽን ከቀረሽ የሙሉ መኪና ኮንትራት ይጠይቁሻል።

በአውቶቡስ ካልሽም እሺ። መንገዱ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለት ቀን አድርጊው። ትኬቱን ከመናኸሪያው መስኮት ራስሽ ቁረጪ፣ ከደላላ አትቀበዪ። መካከል ላይ ተቀመጪ፤ የኋላ ወንበር ኩርባው ላይ ያንገላታል፣ አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ያስመልስሻል። ዝንጅብልና ፌስታል በእጅሽ ያዢ።

ጣርማ በር ጋ ልብ በዪ። ጉሙ ወርዶ ከፊት ያለው መኪና አይታይም፤ ዋሻውን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ደግሞ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ደህና ሹፌር በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ከሆነ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ አልይዝ ይላል። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ከሸተተሽ አትፈሪ፣ ጮክ ብለሽ አቁም በዪው። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወልድያ ከዚያ 120 ይጨምራል። ደሴ ከ8 ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ እዚያው እደሪ። በማግስቱም ከወልድያ የጠዋቱን መኪና ያዢ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚነሳውን ተዪው። ከድልብ በላይ ያለው ዳገት ጠመዝማዛ ነው። ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ገና 64 ኪሎ ሜትር ይቀራችኋል፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። ጋቢው ከላይ ከሻንጣው ጋር እንዳይታሰር፣ እጅሽ ላይ ይሁን።

ማታ ለምን እንደምከለክልሽ ልንገርሽ። የተበላሸ ከባድ መኪና ያለ መብራት ኩርባ ላይ ይቆማል፤ ሹፌሩ ለምልክት ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፣ መኪናው ሲጠገን ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ትቶት ይሄዳል። ቀን ይታያል፤ ሌሊት የሚታየው ከደረስሽበት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ሌሊቱን በጫት የሚነዳ ሹፌር፣ ትርፍ የጫነ ሃይሩፍ። ከመሸ እንዳትጓዢ ያልኩት ለዚህ ነው።

የጸጥታው ነገር በየቀኑ ይለዋወጣል። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከዚያው ጠዋት ከገባ ሹፌር ጠይቂ፤ ትኬት የሚሸጥልሽማ ሁልጊዜ ክፍት ነው ይልሻል። ከተዘጋ በባሕር ዳር፣ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጋሸና የሚገባው አለ፤ ለአንቺ ግን በጣም ዙሪያ ነው፣ እሱን ከመያዝሽ በፊት ደውዪልኝ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ዋጋ የለውምና የሁለት ሌሊት አልጋና ምግብ በዝርዝር ብር ያዢ፤ መታወቂያሽን ደግሞ ኬላ ላይ በቶሎ ከምታወጪበት ቦታ።

አያትሽን ለገና ላሊበላ አደርስሻለሁ ብያት ነበር። ለከርሞ እያልኩ ሳስተላልፍ አመለጠችኝ። ነጭ ነጠላዋ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ አለ፣ ታውቂዋለሽ። እሱን ሻንጣሽ ውስጥ ከታች አድርጌዋለሁ። ቤተ ጊዮርጊስ ስትሄዲ ልበሺውና ጧፍ አብሪላት። ታኅሣሥ 29 እኔ እመጣለሁ፤ ያኔ አልጋ ስለማይገኝ ገና ጥቅምት ሳይወጣ ያዢልኝ።

ኩርኩሙ ቢቀርልሽም፣ አሁንም ልጅ ነሽ ለኔ። ዳቦ ቆሎው በቢጫው ፌስታል ነው፤ የራስ ምታት ኪኒኑ በጎን ኪስ። ደሴ ስትደርሺ ደውዪ፣ ወልድያም ስትደርሺ ደውዪ። ጀምበር ካዘቀዘቀች ግን የደረስሽበት ከተማ አልጋ ያዢ፤ የአልጋውን እኔ እከፍላለሁ።

እናትሽ