የድሮ ፕላኖቻችን ፍለጋ ነገር

እንዴት ሰነበታችሁ፣ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ያላችሁ። ስካን ስላደረግናቸው የግንባታ ፕላኖች ነው። ስካን ብቻውን ፎቶ ነው፤ ኮምፒውተሩ «ድልድይ» የሚለውን አያነበውም፣ እኛም ፋይል ስንከፍት ስንዘጋ እንውላለን።

ከታች በቀኝ ጥግ ካለው ታይትል ብሎክ (የፕላኑ መረጃ ከተጻፈበት ሣጥን) እንጀምር። የፕላን ቁጥሩ፣ ስኬሉ፣ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ቴሰራክት የሚባለው፣ ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ነጻ ነው፣ አማርኛም ያነባል፤ የእጅ ጽሑፍ ሲሆን ግን ስለሚቸገር ምስል የሚያነቡትን አዳዲሶቹን የኤአይ ሞዴሎች እንሞክራለን፣ እነሱ ደግሞ ያልተጻፈ ቁጥር በድፍረት የሚጽፉበት ጊዜ አለ (እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው)፣ ስለዚህ ልኬት ከሆነ ሁሌም ከዋናው ፕላን ጋር ማመሳከር ነው።

ሌላ ጣጣ አለ፣ ቀን። በኛ ይሁን በፈረንጅ ለይታችሁ መዝግቡ። በኛ 1975 የተባለው በነሱ 1982 ወይም 1983 ነው፤ ማሽኑ ይህን ከየት ያውቃል?

ስካን የምታደርጉ፣ ጥራቱን ከ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚያርፉ ነጥቦች ብዛት) በታች አታድርጉት። የታጠፈውን ወረቀት ቀድማችሁ ዘርጉት።

ቅዳሜ 20 ፕላን ይዘን እንሞክር። ላፕቶፓችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። መብራት ከጠፋም ቡና አለ።